ጾም ያደከማቸው መስሎን

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ጀግና እንዳልመስላችሁ ነው። በአገሬ ሁለት ጊዜ ታስሬያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የታሰርኩት እኔ በጻፍኩት ነገር ሳይሆን ከሚጽፉ ሰዎች ጋር ሻይ ስጠጣ በመታየቴ ነው። ሦስተኛው እስር ያገኘኝ እዚህ አትላንታ ነው፤ የጥገኝነት ጉዳዬ ሊታይ ስድስት ሳምንት ሲቀረው። አንድ ቀን እንኳን አልሞላም። ከሦስቱ እስሮች ግን እስከ ዛሬ በሕልሜ የሚመጣው እሱ ነው።

ሰልፉ የተጠራው ሚድታውን ነበር። አገር ቤት ያለ ፍርድ የታሰሩ ሰዎች ይፈቱ የሚል ሰልፍ ነው። ጠበቃዬ “እስከ ቀጠሮህ ድረስ የትራፊክ ቲኬት እንኳን እንዳይነካህ” ብላኝ ስለነበር አፍና አፍንጫዬን በማስክ ሸፍኜ ከኋላ ቆምኩ። ከጎኔ ሀጂ ነበሩ። ሀጂ ስልሳዎቹን ያጋመሱ የወሎ ሰው ናቸው፤ እዚያው ሚድታውን በአንድ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ብዙ ዓመት ሠርተዋል። የደንበኞቻቸውን መኪና ሰሌዳ ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። የየሰዉን የልጅ ስምም እንደዚያው። ከአፋቸው ምርቃት እንጂ ክፉ ቃል ሲወጣ የሰማ ሰው አላጋጠመኝም።

ከፊት ያሉት ሰዎች አስፋልቱ ላይ ለመቀመጥ ሲወስኑ ሀጂም “እኔም ልቀመጥ” አሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብቻቸውን ዝቅ ማለት አይችሉም። ክንዳቸውን ይዤ ቀስ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ቀና ስል ፖሊሶች ከበውናል። “እኔ እንኳን አስቀማጭ እንጂ ተቀማጭ አይደለሁም” ማለት አማረኝ። በየትኛው እንግሊዝኛዬ!

እጃችንን በፕላስቲክ ማሰሪያ ወደ ኋላ አስረው ሦስታችንን በአንድ ቫን ጫኑን፤ እኔን፣ ሀጂንና የሀጂን የአገር ልጅ። ይሄኛው ሃምሳ የሚጠጋው ታክሲ ነጂ ነው፤ ሾፌሩ እያልኩ ልቀጥል። ወሩ ረመዳን ስለነበር እሱም ሀጂም ጾመኞች ናቸው። ቀበቶ ያሰረልን ሰው አልነበረም። ጥቂት እንደሄድን መኪናው ድንገት ፍሬን ያዘ። እኔና ሾፌሩ እግራችንን ተክለን ተቋቋምነው። ሀጂ ግን ወደ ፊት ተወረወሩና ከግራ ጆሯቸው በላይ ያለው ጭንቅላታቸው ከብረቱ ግድግዳ ጋር ተላተመ። ድምፁ ባዶ በርሜል ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ነበር።

“ሀጂ! ተጎዱ እንዴ?”

“አብሽሩ፣ አብሽሩ። ምንም አልሆንኩም፣ አልሐምዱሊላህ።”

ደም የለም። ኮፍያቸው እንኳን ከራሳቸው አልወለቀም። ሾፌሩ “አላህ አተረፈዎ” አለ፤ ሀጂም ፈገግ ብለው ለእኛ ዱዓ ማድረግ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ልናገር። ስቶን ማውንቴን አካባቢ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ነርስ ነኝ። እኛ ዘንድ አንድ ሽማግሌ ከወደቀ ሕግ አለ። ደህና ነኝ ቢልም አናምነውም። ቀኑን ሙሉ እየቀሰቀስን እንጠይቀዋለን፦ ስምህ ማን ነው፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው፣ ጣቶቼን በሁለት እጅህ ጨብጥ። ዓይኑ ላይ ባትሪ እናበራለን። የተመታ ጭንቅላት ውስጥ ውስጡን እየደማ ሰውየው ለሰዓታት ሊያወራና ሊስቅ እንደሚችል አለቃዬ ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ነግራኛለች። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

እስር ቤቱ ስንደርስ አንዲት ነርስ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ እያንዳንዱን ሰው በተራ ትጠይቃለች። ሀጂ ከፊቴ ነበሩ።

“ዛሬ የተጎዳህበት ቦታ አለ? ጭንቅላትህን ተመተሃል?” አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

“ኖ፣ ኖ። ኦኬ። ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ” አሉ ሀጂ፣ በፈገግታ።

ጥያቄው እንዳልገባቸው አውቄአለሁ። ቢገባቸውም መልሳቸው ያው ነበር፤ በማያውቁት ሰው ፊት “አመመኝ” ማለት ለሀጂ እንደ ልመና ነው። አፌን ከፈትኩ። ከጎኔ የቆመው ፖሊስ ዞሮ አየኝ። ከአገር ቤት እስር የተማርኩት ነገር ቢኖር ቀድሞ የሚናገር ሰው ቀድሞ እንደሚመዘገብ ነው። ስድስት ሳምንት ነው የቀረኝ። አፌን ዘጋሁት። ነርሷ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገችና ሀጂን አሳለፈቻቸው። ተራዬ ሲደርስ “የተጎዳህበት ቦታ አለ?” አለችኝ። “የለም” አልኳት።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። ከግድግዳው ጋር የተበየደ የብረት አግዳሚ፣ መጋረጃ የሌለው ሽንት ቤት፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ጣሪያው ላይ ዓይን የሚወጋ ነጭ መብራት። በሩ ላይ በአንድ ክንድ የሚለካ ወፍራም መስታወት አለ፤ በእሱ ውስጥ ከመተላለፊያው ማዶ የተሰቀለ የግድግዳ ሰዓት ይታያል። ከበሩ አጠገብ የመጥሪያ ቁልፍ አለ። ጠባቂው ሲያስገባን ጣቱን ወደ ቁልፉ ቀስሮ “ይቺ ለድንገተኛ ችግር ብቻ ናት። በከንቱ የሚጫናትን፣ በር የሚደበድበውን ሰው ሌላ ክስ እጨምርለታለሁ” አለን። ሾፌሩ አብራራልኝ፤ “ፕሌይ አታድርጉ ነው የሚለው።” እኔማ ገና ሳይጨርስ ነበር የገባኝ።

ሀጂ በቧንቧው ውሃ ታጥበው የከሰዓት በኋላውን ሰላት፣ ዐስርን፣ ሾፌሩን ከኋላ አስከትለው ሰገዱ። ጨርሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ የግራ ጆሯቸውን አካባቢ በመዳፋቸው ያዙ።

“ይሄ መብራት አይጠፋም?” አሉ።

“አይጠፋም ሀጂ። ኮንትሮሉ ውጪ ነው” አለ ሾፌሩ።

ትንሽ ቆዩና “ዐስር ሰግደናል?” ብለው ጠየቁ።

“አዎ፣ አሁን ሰገድን እኮ።”

“እንዲያ ነው?” አሉ። አሥር ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ፤ ወደ ቅድሙ አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ሽንት ቤቱ ዞረው እጃቸውን ለሰላት አነሡ።

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ሾፌሩ ግን በአክብሮት ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸውና ወደ እኔ ዞረ። “ጾም ነው። ሹገሩ ሎው ሲሆን እንዲህ ያደርጋል። እኔም ስነዳ ኤግዚት ያልፈኛል።”

አመንኩት። ይህን ስል በሙሉ ልቤ አመንኩት ማለቴ አይደለም፤ ማመን ስለሚሻለኝ አመንኩት። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ስለ ረመዳን ጾም እሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከዚያ ሀጂ አስታወካቸው። ከሌሊቱ ምግብ፣ ከሱሑር፣ ወዲህ የቀመሱት ነገር ስለሌለ የወጣው ቢጫ ውሃ ነበር። ሀጂ ሸሚዛቸውን እያዩ ተጨነቁ፤ የጨነቃቸው ግን ጤናቸው አልነበረም።

“ጾሜ ፈረሰ?”

“ኖ ሀጂ፣ አይጨነቁ። ሳይፈልጉት የመጣ ትውከት ጾም አያፈርስም” አለ ሾፌሩ፤ እየጠረገላቸው።

“እርግጠኛ ነህ?”

“እርግጠኛ ነኝ። ኢማሙም ብሎታል።”

እነሱ ስለ ጾሙ ይነጋገራሉ፤ እኔም ቆሜ እሰማለሁ። አሁን ሳስበው እጅግ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሁለት ጤነኛ ነን የምንል ሰዎች፣ አንድ የተመታ ጭንቅላት፣ ትውከት፣ ጥያቄያችን ግን ጾሙ ፈረሰ አልፈረሰ የሚል።

ሾፌሩ ሊያስተኛቸው ጃኬቱን አጣጥፎ ከራሳቸው ሥር ሲያደርግ ሀጂ እጁን መቱት። “ዞር በል! ቆሻሻ!” አሉት። ድምፃቸው የሰካራም ድምፅ ነበር፤ ቃሉ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሾፌሩ ደንግጦ ቆመ። ከዚያ ሳቅ ብሎ ወደ እኔ አየ፤ ጾመኛ ይቆጣል እንደማለት። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ለአሥራ ሁለት ዓመት አባቴ ሲላቸው የኖረ ሰው ነው።

ሀጂ ተኙ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ።

ጠባቂው በመስታወቱ አጮልቆ “ሰውየው ምን ሆኗል?” አለ።

ሾፌሩ እኔን ቀድሞ “ሂ ኢዝ ፋስቲንግ። ራማዳን። ሬስት እያደረገ ነው” አለው። ጠባቂው አውራ ጣቱን አሳየንና ሄደ። ይህች ሁለተኛዋ ዝምታዬ ናት።

ሰዓቱን አየሁ። ለማፍጠር ሁለት ሰዓት ያህል ይቀራል። “እስኪያፈጥሩ ይተኙ” አለኝ ሾፌሩ። “ውሃና አንድ ነገር ሲቀምሱ ይነቃሉ። ዲስተርብ አታድርጋቸው።”

የማንኮራፋቱ ድምፅ ትክክል አልነበረም። ከጉሮሮ ጥልቅ የሚመጣ፣ እየቆመ የሚቀጥል ነው። ይህን ድምፅ ሥራ ቦታ ሰምቼዋለሁ፤ የሰማሁበትን ክፍል ቁጥርም አስታውሳለሁ። ከሀጂ ፊት ተንበረከኩ።

“ሀጂ። ሀጂ፣ ይንቁ።”

“ምን እያደረግክ ነው?” አለ ሾፌሩ።

ትከሻቸውን ነቀነቅኩ። ዓይናቸውን በግማሽ ከፈቱ። እዚህ ያፈርኩትን ማፈር ልነግራችሁ አልችልም። ለአሜሪካኖቹ ሽማግሌዎች በቀን ሃያ ጊዜ የምጠይቀውን ጥያቄ ለእሳቸው ለመጠየቅ አንደበቴ ተያዘ። አባት የሆነን ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ መፈተን ነው።

“ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?”

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። “አርብ… ጁምዓ” አሉ። ማክሰኞ ነበር።

“የት ነው ያለነው?”

“ፓርኪንግ።”

“ተው እንጂ አንተ ሰው!” ሾፌሩ ክንዴን ጎተተኝ። “ሽማግሌ ላይ ይቀለዳል? የተኛ ጾመኛ ላይ?”

“ጣቶቼን ይጨብጡኝ ሀጂ። በሁለቱም እጅዎ።” ግራቸው ያዘኝ፤ ጠንከር አድርጎ። ቀኛቸው ጣቶቼ ላይ አረፈና እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንሸራተተ። የዓይናቸውን ቆብ ገለጥኩ። በዚያ ሁሉ መብራት ውስጥ የቀኙ ብሌን ጠቧል፤ የግራው ግን በሰፊው ተከፍቷል፣ ምንም አላየም።

“መድኃኒት ይወስዳሉ?” አልኩት ሾፌሩን።

“ለልባቸው አንድ ኪኒን አለቻቸው። ሲያፈጥሩ ነው የሚውጧት።”

“የምን ኪኒን?”

“ደም የምታቀጥን ናት መሰለኝ። ለምን?”

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ እኛ ቤት ደህና ነኝም ቢል፣ ቢዘፍንም አምቡላንስ ይጠራለታል። ሕጉ በር ላይ ተለጥፏል።

ቁልፉ ከእኔ ሦስት እርምጃ ነው። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። የጠበቃዬን ድምፅ ሰማሁ። አገር ቤት ያለችውን ባለቤቴን አሰብኩ፤ ጉዳዬ ሲያልቅ ትመጣለች ብለን ሦስት ዓመት ጠብቀናል። ኋላ ሾፌሩ “አንድ ደቂቃ ብትቆም ነው” ብሎኛል። ለእኔ ግን እጄ አልነሣ ብሎኝ ሰዓታት የቆምኩ ያህል ነበር። ከኋላዬ ማንኮራፋቱ ቆመ። ስቆጥር አራት ደረስኩ፤ ከዚያ ቀጠለ። ተጫንኩት።

“ምንድን ነው?” አለ ድምፅ ከግድግዳው።

“ሰው ታሟል። አምቡላንስ ያስፈልጋል።”

“ሽማግሌው? ጾመኛ ነው ብላችሁኝ የለ? ተኝቶ በካሜራ አየዋለሁ።” ድምፁ ተዘጋ።

ደግሜ ተጫንኩ፤ መልስ የለም። ያን ጊዜ በሩን በመዳፌ መደብደብ ጀመርኩ። እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም። ሾፌሩ “ኬዝህ! ሰውዬ፣ ኬዝህ!” ይለኛል። ብረቱ ያስተጋባል። ከሌላ ክፍል የማላውቃቸው ሰዎች አብረውኝ መደብደብ ጀመሩ። ጠባቂው ፊቱ ቀልቶ መጣና በሩን ከፈተ።

“ስምህ ማን ነው?”

በአገሬ ይህን ጥያቄ ዱላ ነው የሚከተለው። ሰልፍ ላይ በማስክ የሸፈንኩት ፊት አሁን ባዶውን ነው። ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ነገርኩት፤ ሊጽፈው ሲቸገር ፊደል በፊደል ቆጠርኩለት። ከዚያ እንግሊዝኛ መጣልኝ፤ ፈረቃ ስንለዋወጥ የምንነጋገርበት የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ።

“ቫኑ ውስጥ ጭንቅላቱን ተመቷል፤ በግራ በኩል። አይቻለሁ። ነርሷ ስትጠይቅ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል። አስታውኳል። ቀኑንም ቦታውንም አያውቅም። ቀኝ እጁ ደክሟል። የግራ ብሌኑ ሰፍቷል። ጾም አይደለም። ሰዓቱን ጻፍልኝ፤ በእኔም ስም ጻፈው።”

ጠባቂው አየኝ። ከዚያ ሀጂን አየ። ሬዲዮውን አነሣ።

የመጣችው ያችው ነርስ ነበረች። ባትሪዋን ግራ ዓይናቸው ላይ አበራች፤ አጠፋች፤ ደግማ አበራች። ከዚያ በኋላ ማንም አልተቆጣኝም፤ ሁሉም ሰው ይሮጥ ነበር። የአምቡላንሱ አልጋ ላይ ሲያስሯቸው ሀጂ ትንሽ ነቁና በተጣበቀ አንደበት ሾፌሩን “ዐስር ሰግደናል?” አሉት።

“ሰግደናል ሀጂ። ሰግደናል” አለ፤ እያለቀሰ።

ለማፍጠር ሰዓቱ ሲደርስ ሾፌሩ በእፍኙ ከቧንቧው ውሃ ጠጣ። ከዚያ ለእኔም በእፍኙ ቀድቶ አመጣልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ተለቀቅን። ሀጂን በዚያው ምሽት የራስ ቅላቸውን ከፍተው የፈሰሰውን ደም አውጥተውላቸዋል። ተርፈዋል። ቀዶ ሐኪሙ ለባለቤታቸው “ከመኪናው በቀጥታ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ያነሰ ይሆን ነበር” ብሏቸዋል። ባለቤታቸው ይህን የነገሩኝ ሊያመሰግኑኝ ነበር፤ ልጃችን አንተ ነህ ያተረፍክልን እያሉ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም።

የእኔ ጉዳይ እስካሁን አልተቋጨም። ቀጠሮው ተላልፏል፤ የታሰርኩበት ወረቀት መዝገቤ ውስጥ ገብቷል። አሁንም ፖስታ ሲመጣ ሳልከፍተው አድራለሁ።

ሀጂ ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ሊቶኒያ፣ ልጃቸው ቤት ነው ያሉት። ሥራ አቁመዋል። የመኪና ሰሌዳዎቹ ሁሉ ከቃላቸው ጠፍተዋል። አንዳንዴ የድሮው ሀጂ ናቸው፤ አንዳንዴ በትንሽ ነገር ይጮኻሉ፣ ብርሃን ይጠላሉ። ያን ቀን ጨርሶ አያስታውሱትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ነርሷ ስትጠይቅ ዝም ማለቴን ነገርኳቸው። ሳቁ። “አንተ ፈርተህ ነው። እኔስ ኦኬ ኦኬ ያልኩት ማን አስገድዶኝ ነው? አፉ ብዬሃለሁ” አሉኝ። ከትከሻዬ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ። በሳምንቱ ስመጣ ግን ረስተውታል። ደግሜ ነገርኳቸው። በዚያ ቀን “ሰው ሲሞት እያየህ አፍህን ትዘጋለህ? ውጣልኝ!” ብለው ጮኹብኝ። የትኛው እውነተኛው መልስ እንደሆነ አላውቅም።

ባለቤታቸው እስከ በር ሸኙኝ። “ከእንግዲህ አትንገራቸው” አሉኝ። “የምትነግራቸው ለራስህ ብለህ ነው። በነገርካቸው ቁጥር እሳቸው እንደ አዲስ ነው የሚሰሙት።”

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ለእሳቸው መንገሬን ትቼ እዚህ ጻፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ሀጂ በደህናው ቀናቸው ነበሩ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። “ያን ቀን ከእኔ ጋር ነበርክ አሉ። በር ሰብረህ ሐኪም ያስጠራህልኝ አንተ ነህ አሉ። እውነት ነው?”

“አብሬዎት ነበርኩ ሀጂ።”

ሁለት እጃቸውን አነሡ። ስሜን ጠርተው፣ የልጅ አባት ያድርግህ፣ ሚስትህን በሰላም ያምጣልህ፣ የፈራኸውን ያርቅልህ ብለው መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነበር። አንገቴን ደፍቼ እስኪጨርሱ ቁጭ ብዬ አሜን አልኩ።